ክቡ ደሴ ላይ ቢያርፍ፦ የጂፒኤስ አፈና ልምምድና የሲቪል አብራሪዎች ጣጣ

በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ በረሃ ውስጥ ዋይት ሳንድስ የሚባል ሰፊ የሚሳይል መሞከሪያ ሥፍራ አለ። ወታደሮቹ እዚያ ቦታን በሳተላይት የሚያሳውቀውን የጂፒኤስን ምልክት ሆን ብለው ለማፈን ሲዘጋጁ፣ የሀገሪቱ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለአብራሪዎች ኖታም የሚባለውን ማስታወቂያ ያወጣል። ማስታወቂያው አንድ የመሬት ነጥብ ይጠቅስና በዙሪያው ክቦችን ያሰምራል። ትልቁ ክብ ከመሐሉ እስከ ዳሩ 400 የባሕር ማይል፣ ማለትም 740 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚደርስበት ጊዜ አለ።

ቁጥሩ ለወሎ ሰው ብዙም ትርጉም ላይሰጠው ስለሚችል ክቡን ከኒው ሜክሲኮ አንስተን ደሴ ላይ እናሳርፈው። በሰሜን አስመራን አልፎ ይሄዳል። በምሥራቅ ጅቡቲን፣ ሐርጌሳንና ከባሕር ማዶ ያለችውን የየመኗን ኤደንን ያጠቃልላል። በምዕራብ ጋምቤላ፣ በደቡብ አርባ ምንጭ ከውስጡ ይገባሉ። ከሀገራችን የሚተርፈው ሞያሌን፣ ዶሎንና ዋርዴርን የመሰለው ጠርዝ ብቻ ነው። ይህ እንግዲህ በምናብ የተሠራ ካርታ ነው። ነገር ግን በምዕራብ አሜሪካ የሚበሩ ሲቪል አብራሪዎች የዚህ ዓይነት ክብ የተሰመረበትን ማስታወቂያ አንብበው መነሣት የለመዱት ጉዳይ ነው።

ክቡ ለምን ይህን ያህል ሰፋ? መልሱ ከፍታ ነው። የጂፒኤስም ሆነ የአፋኙ ሞገድ እንደ ዓይን እይታ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ተራራ አይበሳም፣ ከመሬት ጉብታም ጋር አይጎብጥም። በ100 ሜትር ከፍታ የሚበር አውሮፕላን ሜዳ ላይ የተተከለ አፋኝ መሣሪያ የሚያገኘው በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ሲገባ ነው። በ12,000 ሜትር የሚበር ጄት ግን ከ450 ኪሎ ሜትር ርቀት ጀምሮ ይጋለጥለታል፤ አፋኙ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ርቆ። ለዚህ ነው ማስታወቂያዎቹ ለእያንዳንዱ ከፍታ የተለያየ ክብ የሚያሰምሩት፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ክቡ እየሰፋ ይሄዳል። ቦሩ ሜዳ ላይ አፋኝ መሣሪያ ቢበራ፣ ከተራራ ጀርባ ቆላ የወረደ ሰው ስልኩ ላይ ምንም ሳይሰማው ሊውል ይችላል። በዚያው ሰዓት ከደሴ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ አበባ ሰማይ ላይ ያለው አብራሪ ግን ቦታውን ያጣል። መሬት ላይ ያለነው ሰዎች የችግሩን ስፋት የማንገነዘበው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

የጂፒኤስ ምልክት በቀላሉ የሚታፈነው ደካማ ስለሆነ ነው። ሳተላይቶቹ ያሉት ከመሬት 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ነው። ምልክቱ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ሲደርስ ጉልበቱ ተሟጦ፣ ከተቀባዩ መሣሪያ የውስጥ ጫጫታ እንኳ ያንሳል። መሣሪያው የሚለየው የምልክቱን ቅርጽ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ብቻ ነው። የአሜሪካ ድምፅ ወይም የዶይቼ ቬለ የአማርኛ ስርጭት በአጭር ሞገድ ሲታፈን፣ ራዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ያንን የሚያፏጭ ድምፅ የሰማ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ በዚያው ሞገድ ላይ ከሩቁ ተናጋሪ ይልቅ በቅርብ የሚጮኽ ያሸንፋል። ልዩነቱ ራዲዮን ለማፈን ትልቅ ጣቢያ ሲያስፈልግ፣ ለጂፒኤስ ግን በጣም ትንሽ ነገር መብቃቱ ነው። በአሜሪካ ኒውአርክ አንድ ሾፌር አሠሪው መኪናውን በጂፒኤስ እንዳይከታተለው ብሎ ትንሽ አፋኝ መኪናው ውስጥ ሰካ። በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ሲመላለስ እዚያ በሙከራ ላይ የነበረውን የማረፊያ መርጃ ሥርዓት አወከው። የሀገሪቱ የመገናኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 በ31,875 ዶላር ቀጣው። ከአለቃው ለመደበቅ ብቻ!

ጦር ሠራዊት ታዲያ የራሱን ሀገር ጂፒኤስ ለምን ያፍናል? ምክንያቱ የማይረባ አይደለም። በዛሬ ጦርነት መጀመሪያ የሚጠፋው ይኸው ምልክት ነው። በዩክሬን የሁለቱም ወገን ድሮኖችና በጂፒኤስ የሚመሩ ጥይቶች በአፈና ምክንያት ዒላማቸውን ሲስቱ ታይቷል። ስለዚህ ወታደሩ ምልክቱ በሌለበት መዋጋትን መልመድ፣ መሣሪያውም አፈናን መቋቋሙን መፈተሽ አለበት። ዋይት ሳንድስ ላይ ናቭፌስት የሚባለው ሙከራ የሚካሄደው፣ ካሊፎርኒያ ቻይና ሌክ ላይ የባሕር ኃይሉ ሰማዩን የሚያውከውም ለዚሁ ነው።

ሥርዓቱም ከመነሻው የወታደር ንብረት ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1983 የኮሪያ አየር መንገድ በረራ 007 መንገዱን ስቶ ሶቪየት ኅብረት ሰማይ ውስጥ ገባና ተመትቶ ወደቀ፤ 269 ሰዎች አለቁ። ፕሬዚዳንት ሬገን ጂፒኤስ ሲጠናቀቅ ለሲቪሉም በነፃ እንደሚከፈት ያስታወቁት ከዚያ በኋላ ነው። ሥርዓቱ ሙሉ ለሙሉ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን፣ ለሲቪሎች ሆን ተብሎ ይጨመርበት የነበረው ስህተት የተነሣው በ2000 ነው። ሲቪል አቪዬሽን እንግዲህ በተዋሰው ነገር ላይ ቤቱን ሠርቷል ማለት ነው። ባለቤቱ አንዳንዴ መልሶ ሲጠቀምበት መደናገጣችን ያስገርማል፤ ይሁን እንጂ ተዋሱ ብሎ የሰጠን እሱው ስለሆነ ኃላፊነቱም አብሮት አለ።

አሁን ወደ አብራሪው ክፍል እንግባ። ብዙ ሰው ጂፒኤስ ሲጠፋ አውሮፕላን የሚወድቅ ይመስለዋል፤ አይወድቅም። ትልቅ አውሮፕላን የራሱን እንቅስቃሴ እየመዘነ ቦታውን የሚያሰላ አይአርኤስ የሚባል መሣሪያ አለው። ከውጭ ምንም ምልክት አይፈልግም፤ ነገር ግን በየሰዓቱ አንድና ሁለት የባሕር ማይል እየሳተ ሊሄድ ይችላል። ከዚያ ሌላ መሬት ላይ የተተከሉት ቪኦአርና ዲኤምኢ አሉ፤ አንዱ አቅጣጫን፣ ሌላው ርቀትን ይናገራል። በሰፊው ሰማይ ላይ፣ ራዳር ባለበት፣ ተቆጣጣሪው «ወደ ቀኝ ታጠፍ» እያለ ሊመራውም ይችላል።

ችግሩ ጂፒኤስ ዛሬ ካርታ ላይ ነጥብ በማሳየት ብቻ አለመወሰኑ ነው። አውሮፕላኑ ቦታውን ለሌሎች የሚያሰራጭበት ኤዲኤስ-ቢ የሚባለው መሣሪያ ከእሱ ይመገባል። ተራራ ሲቃረብ የሚጮኸው የመሬት ማስጠንቀቂያ ከእሱ ይመገባል። ሰዓቱም እንዲሁ። በአንዳንድ አነስተኛ ጄቶች ላይ ጭራሽ የበረራ ሚዛን መጠበቂያው ሳይቀር ተሳስሮበታል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2016 ቻይና ሌክ ላይ ለታቀደ ሙከራ የወጣው ማስታወቂያ፣ የኢምብራየር ፌኖም 300 አብራሪዎች ወደዚያ አካባቢ እንዳይቀርቡ በስም ለይቶ መክሯል፤ ምልክቱ ሲጠፋ የአውሮፕላኑ መረጋጋት ሊነካ ይችላል ተብሎ ስለተፈራ። ካርታ ለማሳየት የገባ መሣሪያ መቼ መሪውን እንደጨበጠ ብዙ አብራሪዎች የተረዱት ያኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ከሁሉም እኔን የሚያሳስበኝ የመሬት ማስጠንቀቂያው ነው። መሣሪያው በውስጡ የዓለምን ተራራ ሁሉ መዝግቦ ይዟል፤ አውሮፕላኑ የት እንዳለ ከጂፒኤስ ይሰማና «ተራራ አለ፣ ወደ ላይ ሳብ!» ብሎ ይጮኻል። ቦታው ከተሳሳተ ግን ባሕር ላይ እየበሩ «ፑል አፕ!» ሊል ይችላል። በመካከለኛው ምሥራቅ የሚበሩ አብራሪዎች ይህን ደጋግመው ገጥመውታል። ሐሰተኛ ጩኸት የሰለቸው አብራሪ መሣሪያውን ያጠፋዋል፤ ቢጮኽም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። አንዳንዴ ደግሞ ከታፈነው ሰማይ ከወጡ በኋላም መሣሪያው አያገግምም፤ በአሜሪካ አንድ አውሮፕላን አቅጣጫ መሪው የተመለሰለት መሬት ከነካ በኋላ እንደነበር ተዘግቧል። እንዲህ ሆኖ ወደ ተራራማ ማረፊያ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ የላሊበላን አቀማመጥ የሚያውቅ ሰው ይገምተው። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው ከተማው ራሱ ካለበት ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ኮምቦልቻም ቢሆን ከምዕራብ በኩል የደሴ ተራሮች የተደገኑበት ሸለቆ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ጦሳን ሸፍኖ ሲውል የደሴ ከተማ ሰው እንኳ ተራራውን አያየውም።

በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት ይኸው ነገር እውን ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2018 የሰደድ እሳት ጭስ አካባቢውን ሸፍኖታል። መንገደኞች የጫነ አንድ አውሮፕላን በተራሮች ወደተከበበው ሰን ቫሊ እየወረደ ሳለ በወታደራዊ ሙከራ ምክንያት ጂፒኤሱ ታወከና ከመንገዱ ወጣ፤ ፊት ለፊቱ ተራራ ነበር። አብራሪዎቹ አላወቁም። ሶልት ሌክ ላይ ራዳር የሚከታተል አንድ ተቆጣጣሪ አይቶ በመጨረሻው ሰዓት አስጠነቀቃቸውና ተረፉ። ያ ራዳር ባይኖርስ? ወይም አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ከተራራ ጀርባ ከራዳሩ እይታ ተሰውሮ ቢሆንስ? ወደ ተራራማ አገር የሚበር ሁሉ እንቅልፍ የሚነሳው ጥያቄ ይህ ነው።

«ማስታወቂያ ወጥቶ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ወጥቷል። ነገር ግን ማስታወቂያው ራሱ የችግሩ አካል ሆኗል። ክቡ የሚሰላው ሊደርስ የሚችለውን የመጨረሻ ርቀት ይዞ ስለሆነ፣ ክቡ ውስጥ ገብተው ምንም ሳይገጥማቸው የሚያልፉ ብዙ ናቸው። ዛሬ ምንም አልሆነም፣ ነገም ምንም አልሆነም፤ በሦስተኛው ቀን ማን ያነበዋል? የአሜሪካ የአውሮፕላን ባለቤቶችና አብራሪዎች ማኅበር ለዓመታት የጮኸው በዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ባደረገው መጠይቅ ከመለሱት 1,239 አብራሪዎች ውስጥ ከ64 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጉዳዩ እንደሚያሳስባቸው ገልጸዋል። አደጋ ሲመጣ የሚባል ቃልም አለ፦ አብራሪው «ስቶፕ በዘር» ሲል ተቆጣጣሪው ለወታደሮቹ ደውሎ ሙከራውን ያስቆማል። ጥሩ ሥርዓት ነው፤ ግን አብራሪው መጀመሪያ መሣሪያው ተበላሽቶ ሳይሆን ታፍኖ መሆኑን ማወቅ አለበት። በደመና ውስጥ፣ በዚያ ጥድፊያ፣ ይህን መለየት ከባድ ነው። የእኔ ፍርድ፣ ልምምዱን መከልከል ሳይሆን ክቡን ማጥበብ፣ ሰዓቱንም መቁረጥ ያስፈልጋል የሚል ነው። ሀገር የሚያህል ማስጠንቀቂያ ማንንም አያስጠነቅቅም።

ልምምድ ቢያንስ ይነገራል። ጦርነት ግን ኖታም አያወጣም። የዓለም አቀፉ አየር ትራንስፖርት ማኅበር እንደሚለው እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2024 ባለው ጊዜ የጂፒኤስ ምልክት የጠፋባቸው ክስተቶች 220 በመቶ ጨምረዋል፤ አብዛኛው በጦርነት ዙሪያ ነው። በታኅሣሥ 2024 ከባኩ ወደ ግሮዝኒ ሲበር የነበረው የአዘርባጃን አውሮፕላን መጀመሪያ ጂፒኤሱን አጣ፣ በጭጋግ ውስጥ ማረፍ አቃተው፣ ቀጥሎ ከውጭ በደረሰበት ምት ተጎድቶ ካዛክስታን ውስጥ አክታው ከተማ አጠገብ ወደቀ። ከ67ቱ ሰዎች 38ቱ ሞቱ። የጣለው የጂፒኤስ መጥፋት አይደለም፤ በዚያ ሰማይ ላይ አጉል ያንዣበበበት አንዱ ምክንያት ግን ነው።

ይህ ጉዳይ ወሎን በሌላ በር ይነካል። ከሐይቅ፣ ከሐርቡ፣ ከባቲ፣ ከወልዲያ ልጆቹን ወደ ሪያድና ቤሩት ያልላከ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ዛሬ ልጁን ቦሌ የሸኘ አባት አውሮፕላኑን በስልኩ ይከታተላል። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ከማፈን ያለፈ ነገር አለ፤ ሐሰተኛ ምልክት እየተላከ መሣሪያዎች ሌላ ቦታ ያሉ እንዲመስላቸው ይደረጋል። እስራኤል ውስጥ ያሉ ሰዎች ስልካቸው ቤሩት አውሮፕላን ማረፊያ ናችሁ ይላቸው ነበር። ሊባኖስም በ2024 በዚሁ አፈና ምክንያት እስራኤልን ለተባበሩት መንግሥታት ለመክሰስ ተነሥታለች። በስልክ የምናየው የበረራ ካርታ አውሮፕላኑ ስለራሱ የሚያወራውን ነው የሚያሳየው፤ አውሮፕላኑ ከተታለለ ካርታውም ይታለላል። ስለዚህ ነጥቧ በድንገት ስትዘል ወይም በአንድ ቦታ ስትሽከረከር አይታችሁ እናትየውን አታስደንግጧት። ተቆጣጣሪዎቹ በራዳር ያዩታል፤ አብራሪዎቹም በዚያ መስመር ሲበሩ ጠብቀውት ነው የሚገቡት።

ለወሎ ማረፊያዎች ትልቁ ትምህርት ያለው ግን ቤሩት ሳይሆን ታርቱ ነው። ታርቱ የኢስቶኒያ ሁለተኛ ከተማ ነች። የፊንላንዱ አየር መንገድ ፊንኤር በሚያዝያ 2024 ሁለት አውሮፕላኖቹ በተከታታይ ቀናት በጂፒኤስ አፈና ምክንያት ማረፍ አቅቷቸው ከተመለሱ በኋላ በረራውን ለአንድ ወር አቋረጠ። አውሮፕላኖቹ ታርቱ ሰማይ ላይ በሰላም ነበሩ፤ የጎደለው የማረፊያው መንገድ በጂፒኤስ ብቻ ላይ መመሥረቱ ነው። ሄልሲንኪን የመሰሉ ትልልቅ ማረፊያዎች ሌላ አማራጭ ስላላቸው አልተዘጉም። በረራው የተመለሰው ከመሬት በሚሰራጭ የራዲዮ ምልክት የሚወረድበት መንገድ ከተዘጋጀ በኋላ ነው። ሁልጊዜ ዳሩ ነው የሚቀጣው፤ መሐሉ መጠባበቂያ አለው።

ጂፒኤስ ለተራራማ አገር በረከት መሆኑን መካድ አይቻልም። በሸለቆ ውስጥ አውሮፕላንን በራዲዮ ጨረር ወደ ማረፊያው የሚመራውን የአይኤልኤስ አንቴና መትከል ውድና አስቸጋሪ ነው፤ በሳተላይት የሚወረድ መንገድ ግን መሬት ላይ ምንም ሳይተከል ተራራን እየታጠፈ ሊሠራ ይችላል። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 አባል ሀገራት ወደዚህ እንዲሸጋገሩ በውሳኔ የጠየቀውም ያለ ምክንያት አይደለም። ስህተቱ የሚጀምረው «አዲሱ ስላለ አሮጌው ይነቀል» ሲባል ነው። ለቪኦአር ጥገና መለዋወጫ መግዛት አሰልቺ ወጪ ነው፤ በበጀት ስብሰባ ላይ የሚከራከርለት የለም። አሜሪካ እንኳ ከ896 ቪኦአር ጣቢያዎቿ ብዙዎቹን ስትቀንስ ወደ 590 ገደማ የሚሆኑትን ሆን ብላ ታስቀራለች። ሐሳቡ ጂፒኤስ ቢጠፋ ማንኛውም አውሮፕላን በ100 የባሕር ማይል ውስጥ ያለ ጂፒኤስ የሚያርፍበት ቦታ እንዲያገኝ ነው። ከኮምቦልቻ ላሊበላ በአየር 130 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ስለዚህ በሰሜን ምሥራቁ እንዲህ ያለ ዋስትና ለመስጠት በየከተማው መትከል አያስፈልግም። አንዱ ሁልጊዜ የሚሠራ ቢሆን ይበቃል።

ከመሣሪያው እኩል ደግሞ ልምዱ አለ። በ1977ቱ ድርቅ የእንግሊዝና የጀርመን ወታደራዊ አውሮፕላኖች እህል ጭነው የሰሜኑን ደጋ ዝቅ ብለው ሲያስሱ፣ ከመሬት በጥቂት ሜትሮች ከፍታ ላይ ጆንያ ሲጥሉ ጂፒኤስ አልነበራቸውም። በካርታ፣ በሰዓትና በዓይን ነበር የሚበሩት። ለዚያ ግን ጥርት ያለ ሰማይና ዕለት ዕለት የሚሠራበት ችሎታ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ወጣት አብራሪ ያንን ችሎታ የሚያገኘው ምናልባት በማስመሰያ መሣሪያ ላይ፣ በተወሰኑ ሰዓታት ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. አንበጣ ወሎን ሲወር መድኃኒት የረጩት ትንንሽ አውሮፕላኖች ደግሞ የአይአርኤስ መሣሪያ እንኳ የላቸውም፤ ለእነሱ ጂፒኤስ ከጠፋ የቀረው የአብራሪው ዓይን ነው። ስለ አፈና ስናወራ ትልልቆቹን ብቻ ማሰብ ልማድ ሆኖብናል።

ስለዚህ ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የሚቀርበው ጥያቄ ዋይት ሳንድስን የሚመለከት አይደለም። የላሊበላና የኮምቦልቻ ማረፊያዎች ጂፒኤስ ለአንድ ወር ቢጠፋ፣ በክረምት ደመና ውስጥ፣ አውሮፕላን ማሳረፍ ይችላሉ ወይ የሚል ነው። ለገና በዓል ላሊበላ የሚወርደውን ምዕመንና ቱሪስት፣ ከኮምቦልቻ ታክሞ ለመመለስ አዲስ አበባ የሚበረውን በሽተኛ የሚመለከት ጥያቄ ነው። መልሱ «አይችሉም» ከሆነ፣ የደሴ ሰው የሚቀረው አማራጭ ጣርማበርን አቋርጦ 400 ኪሎ ሜትር በመኪና መሄድ ነው። ያንን የመኪና ጉዞ፣ የሚቀረውን የሆቴል ገቢና የሚዘገየውን ሕክምና ከአንድ ዲኤምኢ ጣቢያ ዋጋና ዓመታዊ ጥገና ጋር አስቀምጦ ማስላት ለባለሥልጣኑ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ ውጤቱም ለሕዝብ ሊነገር ይገባል።